የዶጎንን ቋንቋ ለማጥናት የሚሻ ተማሪ ከየት ይነሣ?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው በማሊ አገር፣ በባንዲያጋራ ገደልና ሜዳ ስለሚኖረው ስለ ዶጎን ሕዝብ ቋንቋ ጥናት ነው። አርእስቱ ከእኛ የራቀ ይመስላል። ሆኖም ማርሴል ግሪዮል የመሩት፣ ከዳካር እስከ ጂቡቲ የተጓዘው የፈረንሳይ የጥናት ጓድ፣ በ1931 እ.ኤ.አ. ከዶጎኖች ዘንድ ቆይቶ በ1932 ጎንደር ሰንብቷል። የአባ እንጦንስንም ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳ አንሥቶ፣ በምትካቸው ቅጂ አኑሮ፣ ዋናዎቹን ወደ ፓሪስ ወስዷል። ቋንቋ እንዲህ ተነቅሎ አይወሰድም፤ ነገር ግን ቃሉ ተሰብስቦ በባዕድ ቋንቋ ብቻ ሲታተም ለባለቤቱ የተቆለፈ ሣጥን ይሆናል።

ወደ መጻሕፍቱ ልግባ። የጀማሪ ስሕተት «ዶጎንኛ» አንድ ቋንቋ ነው ብሎ መነሣት ነው። ሃያ ያህል ቋንቋዎች ናቸው። ዠኔቪዬቭ ካላም ግሪዮል በ1968 ያሳተሙት መዝገበ ቃላት የቶሮ ነው፤ ጄፍሪ ሂዝ በ2008 ያወጡት ሰዋስው የጃምሳይ፣ ሎራ ማክፈርሰን በ2013 ያወጡት ደግሞ የቶሞ ሶ ነው። ቃሉን ከቶሮ፣ ሕጉን ከጃምሳይ ወስዶ ዓረፍተ ነገር የሚሠራ ተማሪ ማንም የማይናገረውን ቋንቋ ፈጠረ ማለት ነው። ስምም ያታልላል፤ የባንጊሜ ተናጋሪዎች ራሳቸውን ዶጎን ይላሉ፤ ቋንቋቸው ግን ከሌሎቹ ጋር ዝምድና አልተገኘለትም።

ደግሞ በእነዚህ ቋንቋዎች ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ትርጉም ይለወጣል። እኛም «አለ» የሚለው ቃል ሲጠብቅና ሲላላ ሁለት ነገር እንደሚሆን እናውቃለን፤ ጽሕፈቱ ግን አንድ ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ዳኛ መጽሐፉ ሳይሆን ተናጋሪው ነው።

በ2023 የጸደቀው የማሊ ሕገ መንግሥት፣ ዶጎን ያለበትን የአገሪቱን ብሔራዊ ቋንቋዎች የመንግሥት ቋንቋዎች አድርጓቸዋል። እንግዲህ ያ ሁሉ መዝገብ ለዶጎን ልጅ የትምህርት መጽሐፍ ካልሆነ ለማን ተደከመ?

ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ቤተ መጻሕፍታችን የጠቀስኋቸውን መጻሕፍት ያስመጣልን። ሁለተኛ፣ ከመካከላችን በዕረፍት ወራት በየገጠሩ ተረትና ቃል የሚሰበስብ ሁሉ፣ የጻፈውን ለነገሩት ሰዎች መልሶ ያንብብላቸው፤ አንድ ቅጂም በዚያው አገር ትምህርት ቤት ይተው።