ከክኒኑ በኋላ ያለው ዕድሜ



ከሃያ ዓመት በላይ የአንድን በሽታ ታሪክ ስከታተል ኖሬአለሁ። የደም ካንሰር ከምንላቸው አንዱ ነው፤ ሐኪሞች በአጭሩ ሲኤምኤል ይሉታል። «ከካንሰር ጋር ለዓመታት ስለ መኖር ንገረን» ተብዬ ስጋበዝ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አላገኘሁም። ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ።

ጥንቱን ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት ቶሎ ልለፈው። በ1845 ሐኪሞቹ ቤኔት በኤድንብራ፣ ፊርሾ በበርሊን፣ ጣፊያቸው አብጦ የሞቱ ሰዎችን መርምረው ደማቸው በነጭ የደም ሴል ተሞልቶ አገኙት። ከዚያ አርሴኒክ ተሞከረ፤ ጨረር ተሞከረ፤ በ1950ዎቹ ቡሱልፋን መጣ። ሁሉም የሴሉን ቁጥር ያወርዳሉ፣ በሽታውን ግን አይገቱም። በ1960 ኖዌልና ሀንገርፎርድ በፊላደልፊያ አንዲት ያጠረች ክሮሞሶም አዩ። በ1973 የቺካጎዋ ጃኔት ራውሊ ምስጢሯን ፈቱት፤ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞሶም ቁራጭ ተለዋውጠዋል። ከዚህ ልውውጥ የሚገኘው ፕሮቲን ሴሉን ያለ ዕረፍት «ተባዛ» እያለ ያዘዋል።

አሁን እኔ የደከምኩበት ዘመን ላይ ደረስን፤ ከ1998 እስከ 2001። እዚህ ላይ ቀስ እላለሁ።

ይህን ትእዛዝ የሚዘጋው ኢማቲኒብ፣ በንግድ ስሙ ግሊቬክ፣ በሰው ላይ መሞከር የጀመረው በ1998 ነው። ከ300 ሚሊግራም ጀምሮ ከወሰዱት 54 ታካሚዎች የ53ቱ የደም ቆጠራ ወደ ጤነኛው ልክ ተመለሰ። እንዲህ ያለ ውጤት በካንሰር ሕክምና አልተለመደም ነበር። ይህ ድል የማን ነው በሚለው ላይ ጸሐፊዎች ሁለት ወገን ናቸው። መድኃኒቱን የሠራው የኖቫርቲስ ኩባንያ አለቃ የነበሩት ዳንኤል ቫሴላ በ2003 ባሳተሙት መጽሐፍ የኩባንያውን ቆራጥነት ያጎላሉ። ሌላው ወገን ጀግናው የኦሪገኑ ሐኪም ብራያን ድሩከር ነው ይላል፤ በሽታው የሚይዘው ሰው ጥቂት ስለሆነ አያዋጣም ብሎ የሚያመነታውን ኩባንያ የጎተተው እሱ ነው ባይ ነው። የድሩከርን ትጋት እኔም አከብራለሁ። ግን በሁለቱም ትረካ ታማሚው ዳር ቆሞ ክኒን የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ይህን አልቀበልም።

በ1999 የመድኃኒቱ ምርት ከፈላጊው ጋር አልመጣጠን አለ። ሱዛን ማክናማራ የምትባል የሞንትሪያል ታካሚ፣ ራሷ እየደከመች፣ በኢንተርኔት ከ3000 በላይ ፊርማ አሰባስባ ለኩባንያው ላከች። ኩባንያው ምርቱን ከፍ አደረገ። ፊርማ ብቻውን ፋብሪካ አያንቀሳቅስም፤ የሙከራው ውጤት ባያምር ደብዳቤው ከንቱ ይቀር ነበር። ሆኖም በሽተኞች እርስ በርስ የደም ቆጠራቸውን እየተነጋገሩ፣ የሚሠራውን መድኃኒት በስሙ ጠርተው «ለእኛም ይድረሰን» ማለታቸው የታሪኩ ዋና አካል ነው። በግንቦት 2001 የአሜሪካ መንግሥት መድኃኒቱን ሲፈቅድ፣ ማመልከቻው ከገባ ገና ሦስት ወር አልሞላውም ነበር።

የመጻሕፍቱ ትኩረት እዚህ ላይ ያበቃል። ይኸው በሽታ የያዛት የእህቴ ታሪክ ግን የሚጀምረው ከዚህ ወዲያ ነው። ብርቱካንማዋን ክኒን በየቀኑ መዋጥ ስትጀምር ጠዋት ጠዋት ዐይኗ ዙሪያው ያብጥ ነበር። የደብረ ብርሃን ጎረቤቶቿ «ምነው እቴ፣ ስታለቅሺ አደርሽ?» ይሏታል። የመድኃኒቱ ጠባይ መሆኑን ማስረዳት ሲሰለቻት ጥላ ይዛ መውጣት ጀመረች። ክኒኑ ከምግብና ከሙሉ ብርጭቆ ውኃ ጋር ካልተወሰደ ያቅለሸልሻል፤ ስለዚህ ሁዳዴ ሲገባ ሐኪሟን አማክራ ሰዓቱን ወደ ዘጠኝ አዞረችው፣ ከሽሮዋ ጋር። የዋጠችበትን ቀን ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር በእስክሪብቶ ትሰርዛለች። በየሦስት ወሩ ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ትወርዳለች፤ ውጤቱ እስኪነገራት ድረስ ያለውን ሳምንት እንቅልፍ አይወስዳትም።

አንድ ቀን በአንድ የጤና ተቋም ካርድ ክፍል «ካርድሽ የለም፣ አዲስ አውጪ» አሏት። የአራት ዓመት የደም ቆጠራ ነበር የጠፋው። እሷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔ እስከ ዛሬ እቆጫለሁ፤ የዚህ በሽታ እውነተኛ መዝገብ ያ ካርድ ነበርና። «ካንሰርን ድል ነሣ» የሚል ርዕስ ጋዜጣ ላይ ሳይም ያመኛል። እህቴ ድል አልነሣችም፣ አልተሸነፈችምም፤ ቀጠሮዋን አክብራ እየኖረች ነው። ለዚህ ኑሮ ቃል የሚሰጠው ጋዜጠኛ እስካሁን አላገኘሁም።

ያልኩትን ልሰብስበው። ቤኔትና ፊርሾ በሽታውን ለይተው አወቁ፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ያጠረችው ክሮሞሶም ታየች፤ ልውውጡ ተፈታ፤ ትእዛዙን የሚዘጋ ክኒን ተሠራ፤ ታካሚዎች ራሳቸው ገፉት። ቀድሞ ከጥቂት ዓመታት የማያልፍ ዕድሜ ወደ አሥርና ሃያ ረዘመ፤ በመድኃኒቱ ላይ በተደረገ አንድ ትልቅ ጥናት ከአሥር ዓመት በኋላ ከመቶው 83ቱ በሕይወት ነበሩ። በሽታው አልጠፋም፤ ሰው አብሮት የሚያረጅ ሆነ። ጥቂት ነው የተባለው በሽተኛም ስለማይሞትና ክኒኑን በየቀኑ ስለሚውጥ እየበዛ ሄደ፤ አያዋጣም የተባለው መድኃኒት በ2012 ብቻ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሸጠ።

ሰብሳቢያችን ሰዓቱን አሳይተውኛል፤ የቀረውን በአጭሩ ልበል። መድኃኒቱን ለድሃ አገሮች በነጻ የሚያደርሰው ዕቅድ በ2002 በማክስ ፋውንዴሽን በኩል ተጀመረ፤ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ታካሚዎችም በዚሁ መንገድ አግኝተዋል። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013 የኖቫርቲስን የፓተንት ጥያቄ ውድቅ አደረገ። የፈረንሳይ ሐኪሞች በ2010 ባወጡት ጥናት፣ በሽታው ቢያንስ ለሁለት ዓመት በምርመራ ካልታየባቸው ታካሚዎች መካከል ከመቶው 40 ያህሉ ክኒኑን አቁመው ዓመት ሙሉ ሳይመለስባቸው ቆዩ። ይህ ብቻውን አንድ ዲስኩር ይወጣዋል።

አንድ ልመና አለኝ። በዚህ አዳራሽ ክትትል ላይ ያላችሁ፣ ወይም አስታማሚ የሆናችሁ፣ የቀጠሮ ካርዳችሁን፣ የምርመራ ወረቀታችሁን፣ የሰረዛችሁበትን ካላንደር አትጣሉ። ፎቶ አንሡት፤ ለልጆቻችሁ የት እንዳለ ንገሩ። የእህቴ ቀጣይ ቀጠሮ የፊታችን ሐሙስ ነው።