ዳኛ ይወስን ወይስ ምክር ቤት?



ከእናንተ ከዛሬ ተመራቂዎች ውስጥ ፍርድ ቤት የሚገባ አለ፣ ምክር ቤት የሚገባም አይጠፋም። ስለዚህ አንድ ክርክር ላንሳ፤ ሕዝብ ባልተስማማበት ጉዳይ የመጨረሻው ቃል የማን ይሁን?

የጋብቻን ዕድሜ እንውሰድ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ 15 ዓመት ይበቃታል ይል ነበር። ወደ 18 ያሳደገው ዳኛ አይደለም፤ በ1992 የፌዴራሉ፣ በ1995 ደግሞ የአማራ ክልላችን ምክር ቤት ነው። ደግ አደረጉ። ዳኛ ብቻውን ቢወስነው ኖሮ የአንድ ሰው ሐሳብ ነው ተብሎ ይናቅ ነበር፤ የምክር ቤት አባልን ግን መርጠነዋልና እንጠይቀዋለን። በተቃራኒው አሜሪካኖች ውርጃን እ.ኤ.አ. በ1973 በዳኞች ፈቀዱ፤ በ2022 ሌሎች ዳኞች ሻሩት።

ሕጉ ከወጣ በኋላስ? ልትዳር የታሰበች ልጅ ችሎት ትቀርባለች፤ የልደት ካርድ የላትም። አባት “18 ሞልቷታል” ይላል፣ እሷ አንገቷን ደፍታ ቆማለች። እዚያ ምክር ቤት የለም፤ ያለው ዳኛ ነው።

ብዙኃኑ ያወጡት ሕግ ጥቂቶችን የሚጎዳበት ጊዜም አለ። ወደ ግልገል በለስ የሚወስደውን መንገድ ጫግኒ ላይ የማያውቅ የለም። ግልገል በለስ በምትገኝበት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በ1992ቱ ምርጫ ለመወዳደር የቀረቡ ሰዎች የአካባቢውን ብሔረሰብ ቋንቋ አትችሉም ተብለው ታገዱ። አቤት አሉ። ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነውና ጉዳያቸው እዚያ ደረሰ። የክልሉን የሥራ ቋንቋ መቻል ይበቃል ተባለ። ጥሩ ፍርድ ነው፤ ግን የተሰጠው በ1995፣ ምርጫው ካለፈ ወዲያ ነው! ለነገሩ ሕገ መንግሥቱ ያን ቤት የሚያስገድደው በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ እንዲሰበሰብ ብቻ ነው።

የአዊ ሕዝብም በፌዴሬሽን ምክር ቤት ወንበር አለው፤ ክብራችን ነው። ሆኖም ወኪል ለወከለው ይሟገታል እንጂ እንዴት ዳኛ ይሆናል? ሕጉን ምክር ቤት ያውጣ፤ ሕጉ መብቴን ነካ የሚል ሰው ግን መዝገቡን የሚያይለት ፍርድ ቤት ያግኝ። ይህ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የሚጠይቅ ነው፤ መጠየቅ ደግሞ የእናንተ ትውልድ ድርሻ ነው።

እስከዚያው፣ ችሎት ፊት ያቺ ልጅ ስትቀርብ አባቷን አስወጥታችሁ ለብቻዋ ጠይቋት። አቤቱታ የያዘን ሰውም “ነገ ና” አትበሉት፤ ቀጠሮውን ጻፉለት።