ምድርን በየስፍራዋ ማንበብ
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



በምሥራቅ ጎጃም፣ በእነማይ ወረዳ የሚገኘው ዲማ ጊዮርጊስ ስሙ ከቅኔ ትምህርት ጋር ተያይዞ የሚነሣ ጥንታዊ የትምህርት ቦታ ነው። ደራሲው ሀዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው አድባራት አንዱ ሲሆን፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ ስሙን በአገሩ ሁሉ አስታውቆታል። የዚህ ንግግር ጉዳይ የአካባቢ ጥናት የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ነው። ዲማ ለጉዳዩ መነሻ የሆነው፣ በዚያ የኖረው የትምህርት ሥርዓትም ሆነ የአካባቢው መሬት አንድ ነገር ስለሚያስተምሩ ነው፤ ይኸውም በሌላ ስፍራ የተገኘ መልስ እንዳለ ሊገለበጥ የማይችል መሆኑን ነው።

የቅኔ ተማሪ የሚጀምረው ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ነው፤ ደረጃ በደረጃም ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይደርሳል። ሕጉን ከመምህሩ ይሰማል፤ ከዚያም ቅኔውን ሊቆጥር ብቻውን ወደ ገለልተኛ ስፍራ ይወጣል። ተመልሶ በመምህሩና በባልንጀሮቹ ፊት ያሰማል፤ ስሕተቱም እዚያው ይታረማል። ትናንት የተነገረ ቅኔ፣ የራሱም ይሁን የሌላ፣ ለዛሬ አያገለግልም። በዚህ ሥርዓት ቃልን በቃል መያዝ የትምህርት መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም።

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የአካባቢ ጥናት በብዙ ስፍራ ከጂኦግራፊ ጋር ተጣምሮ ይሰጣል። ተማሪው ስለ አየር ንብረት፣ ስለ አፈር፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ሕዝብ አሰፋፈር፣ ስለ ካርታ ሥራ፣ ከአየርና ከሕዋ ስለሚነሡ ምስሎችም ይማራል፤ በመጨረሻው ዓመትም የራሱን ጥናት አቅርቦ ይመረቃል። የትምህርቱ ዝርዝር ጎደሎ ነው ለማለት አይቻልም። የሚጎድለው ተማሪው ከክፍል ወጥቶ ምድሪቱን የሚያይበት ጊዜ ነው። ለመስክ ጉዞ መኪናና አበል ሲታጣ፣ የሚቀረው መንገድ ከሌላ ሰው ጥናት መዋስ ይሆናል። እንዲህ ያለው የመመረቂያ ጽሑፍ በቅኔ ቤት ደንብ ቢመዘን ገና አልተነገረም ማለት ነው።

ይህ አሳብ ለዩኒቨርሲቲዎቻችን እንግዳ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት፣ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር። አብዛኞቹ ያገለገሉት በመምህርነት ቢሆንም፣ የዲግሪው አንድ ክፍል በገጠርና በአውራጃ ከተማ የሚፈጸም መሆኑ በደንብ ተቀባይነት ያገኘ ነገር ነበር።

ምድሪቱን በቅርብ መመርመር የሚያስገኘውን ጥቅም፣ ከጮቄ ተራራ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ እያለፈ ወደ ዓባይ የሚወርደው ጨሞጋ ያስረዳል። የጂኦግራፊ ምሁሩ ወልደ አምላክ በእውቀት 36,400 ሄክታር የሚሆነውን የዚህን ወንዝ ተፋሰስ እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1982 በተነሡ የአየር ፎቶግራፎች፣ በ1998 በተነሣ የሳተላይት ምስልም አነጻጽረው መርምረዋል። የአገራችን ደን ያለማቋረጥ ይመናመናል የሚለውን የተለመደ አባባል ይዞ ወደዚያ የሚሄድ ተማሪ የሚጠብቀው ቅናሽን ነው። የተገኘው ግን በዛፍ የተሸፈነው መሬት በዓመት በአማካይ 11 ሄክታር ያህል መጨመሩ ነው፤ ምክንያቱም ገበሬው በየደጁ፣ ማኅበረሰቡም በጋራ መሬት ላይ ዛፍ በመትከላቸው ነው። የተተከለው ባሕር ዛፍ የጥንቱን ደን ይተካል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን ጥያቄው ራሱ ሊነሣ የቻለው ስፍራው በመመርመሩ ነው።

ለመሐንዲስ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ አፈር ነው። በዲማና በቢቸና ዙሪያ በሰፊው የሚታየው ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ጤፍና ሽምብራ የሚያበላው ይኸው አፈር የቤቱን ግድግዳ ይሰነጥቃል፣ መንገዱንም ያጎብጣል። በደምበጫ አቅራቢያ በሚገኘው በአንጀኒ፣ በ1976 ዓ.ም. በተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ፣ 113 ሄክታር የሚሆን ተፋሰስ ሲጠና ቆይቷል። በ1978 ዓ.ም. ቦይ ተቆፍሮ አፈሩ ወደ ላይኛው ወገን የሚደረብበት «ፋንያ ጁ» የተባለው እርከን ተሠራበት፤ ተዳፋቱም ከጊዜ ብዛት ወደ ደረጃነት ተለወጠ። ያንኑ እርከን ሳይመረምሩ ወደ ዋልካ ሜዳ ማዛወር ግን ውሃ አቁሮ ሰብል ማበስበስ ነው። በዋልካ ላይ የመጀመሪያው ሥራ ትርፉን ውሃ ማጠንፈፍ ነውና።

አዋጅ ቁጥር 299/1995 ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት በአካባቢ ላይ የሚያስከትለው ተጽዕኖ እንዲገመገም ያዛል። የግምገማውን ሰነድ ከሚያዘጋጁት መካከል ከዚህ ትምህርት የሚመረቀው ወጣት ይገኛል፤ በሰነዱ ላይ ተመሥርቶ የሚሠራው መሐንዲሱ ነው። ሰነዱ ከሌላ ወረዳ የተቀዳ ከሆነ፣ የመንገዱ ቱቦ የሰበሰበውን ጎርፍ የት እንደሚለቅ የጠየቀ ሰው የለም ማለት ነው። ጎርፉ በሁለትና በሦስት ክረምት እርሻውን ወደ ቦረቦር ሲለውጠው፣ የሌሎች ሰዎች ግልበጣ ኪሣራ የሚወድቀው በአንድ ገበሬ ላይ ነው። መሬቱ አንዴ ከታጠበ በኋላም የሚታረምበት ጉባኤ የለም።

ስለዚህ ለማኅበሩ ሦስት ነገሮች ይቀርባሉ። በየሥራው ቦታ የሚሰበሰበው የአፈር ምርመራና የጎርፍ ልኬት፣ ባለቤቱ በፈቀደ መጠን፣ በአቅራቢያው ላለው ዩኒቨርሲቲ ይሰጥ፤ በምሥራቅ ጎጃም ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪ የሚቀበለው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አለ። ወደ ግንባታ ቦታ የሚሄድ መኪናም ለአካባቢ ጥናት ተማሪ አንድ ወንበር ይተውለት፤ ቢቻል በክረምት፣ ውሃው መንገዱን በሚያሳይበት ጊዜ ይሂድ። የመመረቂያው ጽሑፍ ደግሞ በመምህራን ፊት ብቻ ሳይሆን፣ ጥናቱ በተደረገበት ቀበሌ በገበሬዎች ፊት በአማርኛ ይነገር። ክረምቱን በዚያው መሬት ላይ ያሳለፈ ሰው ስሕተቱን ቶሎ ያውቀዋልና።