ወደ ጉባኤው ማን ይሂድ?
(ለተማሪዎች ማኅበር አባሎች የተደረገ ንግግር)



እኛ ከወግዲና ከመካነ ሰላም የመጣን ተማሪዎች ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ ድረ ገጽ ተደራሽነት ለመናገር ነው። ይኸውም ዐይነ ስውራንና መስማት የተሳናቸው ወገኖቻችን በኢንተርኔት ራሳቸውን ችለው የሚማሩበትና የሚሠሩበት መንገድ ማለት ነው። ማኅበራችን ይህን ለሚያጠና ጉባኤ መልእክተኞች ለመላክ ስላሰበ፣ ማን ይሂድ? ምንስ ይዞ ይመለስ? ብለን እንጠይቃለን።

ከጎረቤታችን ከአማራ ሳይንት የተወለዱት ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ ገና በ5 ዓመታቸው ዐይናቸውን አጡ። ሆኖም የሚቀበላቸው ትምህርት ቤት በሻሸመኔ ስለተገኘ ተማሩ፤ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቁ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። ዛሬ ትምህርት ወደ ኮምፒዩተር እየገባ ነው። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና እንኳ በከፊል በኮምፒዩተር ተሰጥቷል። እንግዲህ ድረ ገጹ የተዘጋበት ተማሪ የትምህርት ቤቱ በር እንደ ተዘጋበት ይቆጠራል።

መሣሪያው አልጠፋም። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው ኤንቪዲኤ የተባለው ፕሮግራም የኮምፒዩተሩን ጽሑፍ በድምፅ ያነባል፤ ዋጋም አይከፈልበትም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ፕሮግራም በትክክል የሚያነበው ፊደል ሆኖ የተጻፈውን ነው። ማስታወቂያን ፎቶግራፍ አንሥተን በቴሌግራም ስንለጥፍ ለዐይነ ስውሩ ባዶ ወረቀት ሰጠነው ማለት ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ከመግባቱ በፊት በላቲን ፊደል ቁጥር ላይ የተሠሩት የአማርኛ ጽሑፎችም ሲነበቡ ትርጉም የሌለው ድምፅ ይሆናሉ።

የዓለም የድረ ገጽ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ 4 መሠረቶችን አኑሯል፤ ገጹ በዐይን ወይም በጆሮ የሚደረስበት፣ ያለ ማውስም የሚሠራ፣ የሚገባ፣ በልዩ ልዩ መሣሪያ የሚከፈት ይሁን ይላል። አገራችንም በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በአንቀጽ 9 ይህንኑ ግዴታ ያደርጋል።

አንዳንዶች «ኮምፒዩተር ጠንቅቆ የሚያውቅ ይሂድ» ይላሉ። መልካም ነው፤ ይሂድ። ግን ብቻውን አይሂድ። ችግሩን በየቀኑ የሚያየው ባለቤቱ ስለሆነ አንድ ዐይነ ስውር ተማሪ አብሮ ይላክ። የራሳችንን ማስታወቂያዎችና ገጾች ይዘው ሄደው ያስመርምሯቸው። ሲመለሱም የምስክር ወረቀት ከማሳየት ይልቅ በ1 ወር ውስጥ ለሁላችንም ያስተምሩ፤ ይህን የማይቀበል ሰው አበል ባይቀበል ይሻላል።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ዐይነ ስውርን እጁን ይዞ መምራት ደግ ሥራ ነው። ብቻውን ሊሄድበት የሚችለውን መንገድ ዘግቶ ከዚያ በኋላ እጁን መያዝ ግን ደግነት አይባልም። ስለዚህ ጉባኤውን ሳንጠብቅ፣ ከነገ ጀምሮ እያንዳንዱን ማስታወቂያ በፊደል ጽፈን እናውጣ። ይህ ገንዘብም ፈቃድም አያስፈልገውም።