ስለ ማሕፀን በር ነቀርሳና ስለ ልጃገረዶች ክትባት፤ ለብቸናና ለሞጣ መምህራንና ሽማግሌዎች የተነገረ



ሕመም ሁሉ እየጮኸ አይመጣም። ወባ ያንቀጠቅጣል፥ ጥርስ እንቅልፍ ይነሣል፤ ስለዚህ ሰው ፈጥኖ መድኃኒት ይፈልጋል። የማሕፀን በር ነቀርሳ ግን ሳያሳምም ቀስ እያለ የሚያድግ ስለ ሆነ፥ ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ እስኪገለጥ ድረስ 15 ወይም 20 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። በዚህ ሁሉ ዘመን ሴቲቱ ውኃ ትቀዳለች፥ እንጀራ ትጋግራለች፥ ልጅ ትወልዳለች፥ አንዳችም አይሰማትም። ከባልዋ ጋራ ከተገናኘች በኋላ፥ ወይም የወር አበባዋ ከተቋረጠ ከዓመታት በኋላ ደም ሲታያት፥ ወይም ጠረኑ የከፋ ፈሳሽ ሲወርዳት፥ ብዙውን ጊዜ ነቀርሳው ሥር ሰድዷል። ያን ጊዜም አፍራ ትሸሽገዋለች። 12 ዓመት ደም ይፈሳት የነበረችው ሴት በሕዝብ መካከል ተሰውራ ከኋላ እንደ ቀረበች በወንጌል ተጽፏል፤ በየመንደሩ እንደዚያች ሴት የምትሰወር ዛሬም አትታጣም።

የዚህ ነቀርሳ ምክንያት እርግማን ወይም የሰው ዓይን አይደለም። ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ የሚባል በዓይን የማይታይ ደቂቅ ነገር ነው። ከ200 የሚበልጡ ዓይነቶች አሉት፤ አንዳንዱ ኪንታሮት ብቻ ያወጣል፥ ጥቂቱ ግን ነቀርሳ ያመጣል። ሃራልድ ጹር ሃውዘን የሚባል የጀርመን ሊቅ ከባልንጀሮቹ ጋራ በነቀርሳው ሥጋ ውስጥ 16ኛውን ዓይነት በ1983 እ.ኤ.አ.፥ 18ኛውን ደግሞ በዓመቱ አገኘ፤ ስለዚህም ሥራው በ2008 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ከ10 የማሕፀን በር ነቀርሳዎች 7 ያህሉ ከእነዚህ ከሁለቱ ዓይነቶች የሚመጡ ናቸው።

ቫይረሱ በሩካቤ ይተላለፋል። ሩካቤ ከሚያውቁት ወንዶችና ሴቶች አብዛኞቹ በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ሳይዛቸው አይቀርም፤ ከ10ሩም ከ9ኙ በሁለት ዓመት ያህል ውስጥ ሰውነት ራሱ ያስወግደዋል። በቀረችው በአንዲቱ ዘንድ ሲሰነብት ነው ጉዳቱ የሚጀምረው። እንግዲህ ይህ ሕመም የያዛትን ሴት ዘማዊት ማለት ግፍ ነው። በሕግ ካገባት ከአንድ ባልዋ ሊመጣባት ይችላል፤ ባልየውም ምንም ሳይሰማው ይዞት ይኖራል። ኤች.አይ.ቪ. ያለባት ሴት ከሌላይቱ ይልቅ 6 እጥፍ ያህል ለዚህ ነቀርሳ የተጋለጠች ናት።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም 660,000 ያህል ሴቶች በዚህ ነቀርሳ ተይዘዋል፥ 350,000 ያህሉም ሞተዋል፤ ከሞቱትም የሚበዙት የድሀ አገር ሴቶች ናቸው። በኢትዮጵያ ከጡት ነቀርሳ ቀጥሎ ሴቶችን የሚይዘው ይህ ነው፤ በ2020 እ.ኤ.አ. በተደረገው ግምት በዓመት ከ7,000 በላይ ሴቶች ይያዛሉ፥ ከ5,000 በላይም ይሞታሉ።

መከላከያው ክትባት ነው። ነገር ግን ክትባቱ አስቀድሞ የገባውን ቫይረስ አያስወጣም፤ ልጅቱ ወንድ ሳታውቅ መከተብ አለባት። ሕጉ ለጋብቻ 18 ዓመት እንዲሞላ ቢያዝም፥ በጎጃም ልጅን በለጋ ዕድሜዋ መዳር የቈየ ልማድ ስለ ሆነ፥ በዚህ አገር የክትባቱ ጊዜ አጭር ነው። በ2011 ዓ.ም. መንግሥት የ14 ዓመት ልጃገረዶችን በመላው አገር ማስከተብ ጀመረ። በ2017 ዓ.ም. በኅዳር ወር ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉትን፥ ከ7 ሚሊዮን የሚበልጡትን፥ አንድ ጊዜ ብቻ በሚሰጥ መርፌ ለማስከተብ ተነሣ።

መርፌው መካን ያደርጋል የሚል ወሬ በየገበያው ይሰማል። ሐሰት ነው። ይልቁንስ ማሕፀንን የሚያሳጣው ነቀርሳው ራሱ ነው፤ ሐኪሞች የሴቲቱን ነፍስ ለማዳን ማሕፀኗን አውጥተው የሚጥሉበት ጊዜ አለና። በስኮትላንድ ክትባቱ በ2008 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ፥ በ2024 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናት በ12ና በ13 ዓመታቸው በሙሉ ከተከተቡት መካከል ይህ ነቀርሳ የተገኘባት አንዲት እንኳ አልነበረችም።

ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ነው። ከታቢዎቹ የሚመጡት ወደ ትምህርት ቤት ነው፤ በትምህርት ቤት የሌለችው ልጅ ደግሞ ለመታለፍ ቅርብ ናት። ከብት ስትጠብቅ የቀረችው፥ የተዳረችው፥ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ ምክንያት ትምህርት ቤቷ የተዘጋባት፥ እነዚህ ሁሉ ከመዝገቡ ውጭ ናቸው። ከሁሉ ይልቅ ቶሎ የምትዳረውም ይህችው ልጅ ናት። ስለዚህ መምህሩ የተማሪዎቹን ስም ጽፎ ሲጨርስ፥ በሌላ ወረቀት የቀሩትን ልጆች ስምና ዕድሜ፥ የአባታቸውንም መንደር ጨምሮ ይጻፍ። አባትን ማሳመን ግን የሽማግሌ ሥራ ነው፤ ወጣት መምህር ስለ ማሕፀን ቢናገር ብዙ አባቶች አይሰሙትም። ወረቀቱም ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይሰጥ።

ለእናቶች ደግሞ ምርመራ አለ። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለች ሴት፥ ኤች.አይ.ቪ. ያለባትም ከዚያ ቀደም ብላ፥ ሳያማት ትመርመር። አዋላጂቱ ወይም ነርሷ የማሕፀኑን በር እንደ ኮምጣጤ ባለ ፈሳሽ ትቀባዋለች፤ የተበላሸ ሥጋ ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል። ቫይረሱን ራሱን የሚገድል መድኃኒት የለም፤ ነጭ ሆኖ የታየው ሥጋ ግን በብርድ ወይም በሙቀት ይጠፋል፥ ማሕፀኑም ሳይነካ ይቀራል። ጠበል የምትጠመቀውን ማንም አይከለክላትም፤ ከጠበሉ ስትመለስ ወደ ምርመራው ጐራ ማለት ነው።

ነቀርሳው ከሰፋ በኋላ ቀዶ ሕክምናና የጨረር ሕክምና ያስፈልጋል። የጨረሩ ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር። የሞጣ ሴት ወደዚያ ስትሄድ በሬዋን ሸጣ፥ የዓባይን በረሃ ተሻግራ፥ ዘመድ በሌለበት ከተማ ተራዋን ትጠብቅ ነበር። በአቅራቢያዋ ባለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ጠይቃ በጊዜ የምትመረመረው ግን ጠዋት ሄዳ ለማታው ራት ትደርሳለች።