ኮምፒውተርም አቡጊዳ አለው

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ለተማሪዎች ጉባኤ የተነገረ)



የመረጥሁት አርእስት ለጊዜው ትንሽ ይመስላል። አንድ ተማሪ አሮጌ ላፕቶፕ አግኝቶ ሲከፍተው፣ የለመደው ዊንዶውስ ቀርቶ የማያውቀው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ብቅ ቢልበት ምን ያደርጋል? የምናገረው ስለዚህ ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለት የላፕቶፑን አካላት ሁሉ የሚያዝና ከእኛ ጋር የሚያገናኝ ዋና ፕሮግራም ነው።

አባቶቻችን ፊደል ሲያስተምሩ ያደረጉትን እናስታውስ። ልጁ አስቀድሞ «ሀ ሁ ሂ ሃ» እያለ በተራ ያዜማል። ነገር ግን ፊደሉን ለይቶ ይሁን ዜማውን ብቻ ይዞ በምን ይታወቃል? ስለዚህ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» የሚለው ሌላ ገበታ ይቀርብለታል። ፊደሉ ያው ነው፤ ተራው ግን ተለውጧል። ቦታውን የሸመደደ ልጅ ይደናገራል፤ መልኩን የለየ ልጅ ያነባል። እንግዳ ኦፐሬቲንግ ሲስተምም እንዲሁ የኮምፒውተር አቡጊዳ ነው። «ከታች በግራ በኩል ያለውን ተጫን» ብሎ የተማረ ሰው ምልክቱ ከቦታው ሲነሣ እጁ ይታሰራል። «የፕሮግራሞቹን ዝርዝር የሚከፍተውን ፈልግ» ብሎ የተማረ ግን የትም ቢሆን ያገኘዋል።

ይህ ነገር የጨዋታ እንዳይመስለን ሁለት ምክንያት ልጥቀስ። አንደኛ፤ በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንዳንድ ተማሪዎች በኮምፒውተር ተሰጠ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በዚህ መንገድ የተፈተኑት በዙ። በፈተና ክፍል የሚጠብቀን ማሽን የለመድነው ዓይነት ላይሆን ይችላል። እንግዲህ ማውስ ይዞ «ይህ ደግሞ የት ሄደ?» እያለ 10 ደቂቃ የሚያጠፋ ተማሪ፣ የሒሳቡን መልስ እያወቀ ነጥቡን ይጥላል። ሁለተኛ፤ ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የጥበቃ ክፍል ስለሚጠይቅ፣ ብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ደንቡን አያሟሉም። ታዲያ እነዚህ ዕቃዎች በመጋዘን አቧራ ይልበሱ?

መፍትሔ አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ የጀመረውን ሊኑክስን ማንም ሰው በነጻ ሊገለብጠውና ሊያሻሽለው ይችላል። ኡቡንቱ፣ ሊኑክስ ሚንትና ሉቡንቱ በእርሱ ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ይልቁንም ሉቡንቱ ጉልበቱ ለደከመ ማሽን ይስማማል። በፍላሽ ላይ አዘጋጅቶ ላፕቶፑን ከፍላሹ በማስነሣት፣ በውስጡ ያለውን ሳይነኩ መሞከር ይቻላል። ነገር ግን የራስን ፋይል በሌላ ቦታ ሳይገለብጡ «ኢንስቶል» የሚለውን መጫን አይገባም፤ የነበረውን ሁሉ ሊያጠፋ ይችላልና።

ፈረሰኛ እንግዳ ፈረስ ሲሰጡት ከመጋለቡ በፊት ልጓሙንና እርካቡን ይመለከታል። እኛም በእንግዳ ኮምፒውተር ፊት አምስት ነገሮችን አስቀድመን እንፈልግ።

አንደኛው መዝጊያው ነው። ስንጨርስ ከዝርዝሩ ውስጥ «ሻት ዳውን» የሚለውን እንምረጥ። የመክፈቻውን ቁልፍ ተጭኖ ይዞ በግድ ማጥፋት ገና በመጻፍ ላይ ያለን ፋይል ሊያበላሽ ይችላል።

ሁለተኛው የፕሮግራሞች ዝርዝር ነው። በኪቦርዱ ላይ የዊንዶውስ ምልክት ያለበት ቁልፍ በኡቡንቱም ይሠራል፤ እርሱን ተጭኖ የፕሮግራሙን ስም መጻፍ ነው።

ሦስተኛው መስኮት መዝጊያው ነው። ኡቡንቱ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2017 መዝጊያውን በግራ በኩል አድርጎት ነበር፤ ኋላ ወደ ቀኝ መለሰው። ቦታ እንደሚለወጥ ለማወቅ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም። «ኦልት» የሚለውን ይዞ «ኤፍ 4»ን መጫን ግን በሁለቱም ወገን መስኮት ይዘጋል፤ «ኦልት»ን ይዞ «ታብ»ን መጫንም ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ያሻግራል።

አራተኛው የፋይል ማስቀመጫው ነው። በሊኑክስ «ሲ ድራይቭ» የሚባል የለም። ሁሉም ነገር ከአንድ ሥር እንደ ወጣ ዛፍ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚም «ሆም» የሚባል የራሱ ቤት አለው። የሰካነው ፍላሽ በፋይል መስኮቱ በግራ በኩል ይታያል። ደግሞም ሊኑክስ ትልቁንና ትንሹን የእንግሊዝኛ ፊደል ይለያል፤ አንዱን ስም በትልቅና በትንሽ ፊደል ብንጽፈው ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ይሆናሉ።

አምስተኛው ማስቀመጥና ማረም ነው። «ኮንትሮል»ን ይዞ «ኤስ» ማስቀመጫ፣ «ሲ» መገልበጫ፣ «ቪ» መለጠፊያ፣ «ዜድ» የተሠራውን መመለሻ ነው። እነዚህ በሁለቱም አገር የሚሠሩ ናቸው። የአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ ብዙ ጊዜ የደከመ ስለሆነ፣ መብራት በጠፋበት ቅጽበት ማሽኑም ይጠፋል። ስለዚህ በየአንቀጹ መጨረሻ «ኮንትሮል ኤስ» ማለትን ልማድ እናድርገው።

ጀማሪን የሚያስደነግጥ አንድ ነገርም አለ። ተርሚናል በሚባለው የትእዛዝ መጻፊያ ውስጥ የይለፍ ቃል ስንጽፍ ብዙ ጊዜ ምንም ፊደል አይታይም። ኪቦርዱ ተበላሽቶ እንዳይመስለን፤ ምሥጢሩን ከአጠገባችን ካለ ሰው ዓይን ለመጠበቅ የተደረገ ነው። ጽፎ «ኤንተር»ን መጫን ብቻ ነው።

«አማርኛዬ ይቀርብኛል» ብሎ የሚሰጋ ካለ ስጋቱን ይተው። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝን ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ስለዚህ በዊንዶውስ የተጻፈ ድርሰት በሊኑክስም ይነበባል። የአማርኛ መጻፊያ መንገድ ከማስተካከያው ውስጥ ሲጨመር፣ በእንግሊዝኛ ቁልፎች በድምፅ የምንጽፈውን ወደ ፊደላችን ይለውጥልናል።

«ያለ አስተማሪ እንዴት ይቻላል?» የሚል ቢኖር የአገራችንን ልጆች ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2012 «ለአንድ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ላሉ፣ ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ ሰጠ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደ ተናገሩት፣ አንድ ልጅ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ማብሪያውን አገኘ፤ ከወራት በኋላም ልጆቹ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው አስከፈቱት። በእርግጥ ይህ መምህር አያስፈልግም የሚያሰኝ አይደለም። ፊደል ያልቆጠሩ ልጆች ሳይፈሩ ነክተው ይህን ያህል ካወቁ፣ እኛ መምህራንና መጻሕፍት ያሉን በፍርሃት እጃችንን ማጠፋችን ምን ያህል ኪሳራ እንደ ሆነ ግን ያሳያል።

ከዚህ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአንኮበር ተራራ ላይ ያለ ተማሪ፣ ላፕቶፑ ባስቸገረው ቁጥር ወደ ከተማ ባለሙያ ሊሄድ አይችልም። ለእርሱ የመጀመሪያው ጠጋኝ የራሱ ዕውቀት ነው። ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው፤ ከእናንተ የሚያውቅ አንዱ ለማያውቅ ለአንዱ እነዚህን አምስት ነገሮች ያሳየው፤ ሲያሳየውም ማውሱን ከእጁ አይቀማው፤ ጓደኛው ራሱ ፈልጎ እስኪያገኝ ይታገሠው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ፣ አዲስ ዕቃ ከመመኘት በፊት በእጃችን ያለውን ማሠራት እንማር።