ገበያው ሲበተን የደረሰችው ወፍ

የዛሬው ቃላችን «መተላለፍ» ነው።

አንዲት ሴት ቅቤዋን ተሸክማ ስትደርስ ገበያው ተበትኖ አገኘችው እንበል። መተላለፍ ማለት ይኸው ነው።

በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ተራሮች፣ በረዶው ዳር ዳሩን ሲቀልጥ አንዲት ቢጫ አበባ አንገቷን ደፍታ ብቅ ትላለች። ሃሚንግበርድ የምትባል አውራ ጣት የምታክል ወፍ ደግሞ ቀሰሟን ልትመጥ ከሜክሲኮ በኩል ትመጣለች። ታዲያ አየሩ ሲሞቅ በረዶው ቶሎ ይቀልጣል። አበባዋም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1970ዎቹ ይልቅ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀድማ መፍካት ጀምራለች። ወፏ ግን ሩቅ ናት፤ የተራራውን ወሬ ከየት ትስማ? ስትደርስ ብዙው አበባ ጠውልጓል። መተላለፍ!

ለነገሩ አበባዋ ሌላም እንግዳ አላት፤ ጸጉራም የዱር ንቦች ይጎበኟታል። መንገደኛዋ ወፍ ግን ቀጣዩ አበባ እስኪፈካ መጠበቅ አለባት።